የፈረምኩትና የተናገርኩት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ዓለምሰገድ፣ ነፋስ መውጫ።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ከመስቀል ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም። ወገብዎ እንዴት ነው? ጠዋት ሲነሱ የሚይዝዎት ቁርጥማት በብርዱ ባሰብዎት ወይስ ፋታ ሰጠዎት? እማዬስ የደም ግፊት መድኃኒቷን ታገኛለች? ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጨርሷል ሲሉ ሰምቼ ለሁለት ወር የሚበቃት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ጠዋት አንድ ብቻ ነው የምትወስደው፤ ሲያማት ሁለት እንዳታደርገው አደራ። ኢዩስ እንዴት ነው? ትምህርት ቤቱ ተከፈተ? የአክስቴ የፀሐይነሽ ጉልበትስ? ገብሱ በሰላም ገባ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እበላለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ነገር ግን እንደ ወትሮው «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልለፈው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎት ጋሽ መኩሪያ ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ወደ እናንተ የሚወስደኝ መንገድ የእሱ መኪና ብቻ ሆኗል። ባለፈው ሲመለስ ሰሚት ድረስ መጥቶ ሰላምታችሁን ካደረሰኝ በኋላ ሲነሳ ሲቀመጥ ቆየ። አላስችል ሲለው «ማርያም ደጅ ላይ ‹የዓለምሰገድ ልጅ እንጀራዋን በሰጠቻት ሴት ላይ መስክራ አሳሰረቻት› እየተባለ ነው፤ አባትሽ ሰምተው ምንም አልመለሱም» አለኝ። ዝም ማለትዎን ስሰማ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የተወራው ግማሹ እውነት ነው፤ ሙሉውን ከእኔ ይስሙት።

ጠበቃዋን ወይዘሮ ኣምለሰትን ያውቋቸዋል። ለዓይንዎ ሕክምና የመጡ ጊዜ ገርጂ ቢሯችን ወስጄዎት፣ የራሳቸውን ወንበር ለቀው ያስቀመጡዎት ሴት ናቸው። በኋላ «የትግራይ ሰው ናቸው አይደል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አዎ፣ የትግራይ ሰው ናቸው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ቤታቸው ተፈትሾ ዐሥራ ሁለት ቀን ታስረው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከእኛ አገር የመጡ ሰዎች መያዝ ሲጀምሩ የብዙዎቹን ጉዳይ የያዙት እሳቸው ሆኑ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ «ለእኛ መቆም አይከብድዎትም?» ቢላቸው መነጽራቸውን እየጠረጉ «እኔ የምጠይቅህ ወንድምህ የተያዘበትን ሰዓት ነው፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ ነበረበት። የትውልድ አገራችሁን ምሳ ስንበላ ትነግረኛለህ» አሉት። ስድስት ዓመት ጸሐፊያቸው ሆኜ ስሠራ ቀን ከሌለው ወረቀት በቀር ያስቆጣቸው ነገር አላየሁም።

ነገሩ የጀመረው አምና በግንቦት ነው። ሰብሊ የምትባል ነፍሰ ጡር ሴት እያለከለከች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ መጣች። ባሏ እዝራ ሰሚት አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ ሲጠብቅ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከሰልፉ መሐል አውጥተው ወሰዱት። ጣቢያ ለጣቢያ ብትዞር ሁሉም «እኛ ዘንድ የለም» አሏት። ወይዘሮ ኣምለሰት በማግስቱ ለፍርድ ቤት አመለከቱ፤ የተያዘው ሰው ይቅረብልን የሚል አቤቱታ ነው። ፖሊስ ለፍርድ ቤቱም ያንኑ መለሰ፤ አላውቀውም አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ገብረአምላክ የሚባል ሰው በራሱ እግር ቢሯችን መጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ ካሉት የዕቃ መጋዘኖች በአንዱ ጥበቃ ነው። ሴት ልጁን የሚያስተምራት እዝራ ስለሆነ መልኩን ያውቀዋል። ጠዋት ፈረቃ ሲረከብ፣ አጠገባቸው ወዳለው ባዶ መጋዘን እጁን ታስሮ ሲያስገቡት አይቷል። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ወይዘሮ ኣምለሰት ያዳምጣሉ። «ሲደበድቡትም ነበር» ሲል አስቆሙት። «አየህ?» አሉት። «ጩኸት ሰማሁ» አላቸው። «እንግዲያው ጩኸት ሰማሁ በል፤ ያላየኸውን አየሁ ካልክ ያየኸውንም አያምኑህም» አሉት። የጻፍኩትን አሰረዙኝ። ይህችን ነገር ልብ ይበሉልኝ አባዬ፤ በኋላ ችሎት ፊት ያከራከረችው እሷ ናት።

ገብረአምላክ ችሎት ቀርቦ ተናገረ። ዳኛው ፖሊስ መጋዘኑን ፈትሾ መልስ እንዲሰጥ በጽሑፍ አዘዙ። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን እዝራ ቀረበ። ግራ ክንዱ ተሰብሮ ያለ ሐኪም ተጣሞ ገጥሟል። ሰብሊ ስታየው አልጮኸችም፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ያለ ክስ ለቀቁት። እኛ ደስ ብሎን ነበር። ወይዘሮ ኣምለሰት ግን ያን ዕለት በታክሲ ስንመለስ ገርጂ ሲወርዱ «አሁን ወደ እኛ ይዞራሉ» አሉኝ።

ዞሩም። ሐምሌ ላይ የጥብቅና ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ፤ «ፋይልዎ እየተጣራ ነው» ከማለት በቀር ምክንያት የሰጣቸው የለም። ስልክ እየተደወለ የልጃቸው የሀይሚ የዩኒቨርሲቲ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይነገራቸው ጀመር። መስከረም ውስጥ ካምፓላ ለአንድ ሳምንት የጠበቆች ስብሰባ ተጋብዘው ቦሌ ሲደርሱ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ ተነሥታ ሄደች። የመጣው ሌላ ሰው ነው። ፓስፖርታቸውን ይዞ «ይጠራሉ» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ቀጥታ ቢሮ መጥተው ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ሥር አደረጉና «የትኛው መዝገብ ነው የሚቀርበው?» አሉኝ። አንድ ጓደኛቸው ውጭ አገር ጥቂት ወራት የሚቆዩበት ቦታ እንዳለ፣ በየብስም ቢሆን እንዲወጡ ሲለምኗቸው ሰምቻለሁ። «እኔ ከወጣሁ ገብረአምላክን ማን ይጠብቀዋል?» ነበር መልሳቸው።

ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰባት የጸጥታ ሰዎች ቢሯችን መጡ። ወይዘሮ ኣምለሰት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠየቁ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር አሳያቸው፤ «ይህ የማን ስም ነው? የእኔ አይደለም» አሉት። «ይስተካከላል» አላቸው። ኮምፒውተሮቹንና መዝገቦቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው አወረዱ። ደረጃው ላይ የጎረቤት ቢሮ ሠራተኞች ወጥተው ያያሉ። እኔንም «አንቺም ነይ» አሉኝ። ወይዘሮ ኣምለሰት መኪናው ውስጥ ሲገቡ ሰዓታቸውን አይተው ጮክ ብለው «አራት ከሃያ» አሉ። ከዚያ ለየብቻ ጫኑን።

የያዙኝ አምስት ቀን ነው። አልደበደቡኝም አባዬ፤ ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ተስፉ የሚባል ልጅ ነው። ሻይ ያስመጣልኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ገብረአምላክ ጠየቀኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሆነውን ነገርኩት። በአራተኛው ቀን ስለ ገብረአምላክ መጠየቁን ተወና ስለ እናንተ ጀመረ። «አባትሽ ነፋስ መውጫ ናቸው አይደል? ወንድምሽ ኢዩ ዕድሜው ስንት ደረሰ?» አለኝ። ራሱ መለሰው፤ «ዐሥራ ዘጠኝ። በእሱ ዕድሜ ያሉት አሁን የት እንዳሉ ታውቂያለሽ። እዚያ ላሉት ልጆቻችን ስሙ ቢደርሳቸው ቤት ነው ወይስ ጫካ ነው ብለው አይጠይቁም» አለኝ። ይህን ሲለኝ እንኳ ድምፁ አልተለወጠም። ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

በአምስተኛው ቀን የተጻፈ ወረቀት አመጣ። ወረቀቱ፣ ወይዘሮ ኣምለሰት ለገብረአምላክ የሚናገረውን አስቀድመው እንዳጻፉኝ፣ እሱም ሦስት ቀን ቢሯችን እየመጣ እንዳጠናው፣ ሁሉም መንግሥትን ለማጥላላት የተፈበረከ መሆኑን ይገልጻል። አነበብኩት። አላነበብኩትም ልል አልችልም፤ ሥራዬ ማንበብ ነው። ኢዩ የተወለደ ዕለት እርስዎ እቅፌ ላይ ያስቀመጡልኝ፣ «አንገቱን ደግፊው» ያሉኝ መጣብኝ። ፈረምኩ። አባዬ፣ ይህን የምጽፍልዎት ጥፋቴን በእናንተ ላይ ልጭን አይደለም። ኢዩም እርስዎም ፈርሚ አላላችሁኝም። ፈርቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ለቀቁኝ። ሰሚት ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ አከራዬ ስታንኳኳ ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። በአራተኛው ቀን ሰብሊ ደወለች። ወልዳለች፤ ሴት ልጅ ናት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀድማኝ «ገብረአምላክን ትናንት ያዙት፤ የሐሰት ምስክር ነው ብለው» አለችኝ። የእኔ ወረቀት ነው ያስያዘው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ፊቴን ስታጠብ ቆይቼ ውኃው እስኪቋረጥ ድረስ መታጠቤን ብቻ ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ ኣምለሰት ወደታሰሩበት ጣቢያ ሄድኩ። ለመግባት አስቤ አልነበረም፤ ከአጥሩ ማዶ ልቆም ብቻ ነበር። ሀይሚ የምግብ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ተሰልፋ አየችኝና ሮጣ አቀፈችኝ። «እማዬ በየቀኑ ዕፀገነት ተፈታች ወይ፣ በልታለች ወይ እያለች ነው የምትጠይቀኝ» አለችኝ። እዚያው ቆሜ የፈረምኩትን ነገርኳት። እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሣች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ግን የሚፈርድብኝ ዳኛ ፊት መሰለኝ። በመጨረሻ ሳህኑን አቀበለችኝና «ዛሬ አንቺ አስገቢላት፤ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

በሁለት ረድፍ አጥር መካከል አንድ ፖሊስ ቆሟል፤ ወይዘሮ ኣምለሰት በወዲያኛው በኩል መጡ። ከስተዋል፤ ፀጉራቸው ከሥሩ ነጭ ሆኗል። አፌን ሳልከፍት «ስንት ቀን ያዙሽ?» አሉኝ። አምስት አልኳቸው። «ፍርድ ቤት አቀረቡሽ?» አሉኝ፤ አላቀረቡኝም አልኳቸው። «እሱን ጻፊው፤ የገባሽበትንም የወጣሽበትንም ሰዓት» አሉኝ። እያለቀስኩ «እትዬ፣ እኔ እኮ...» ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጎ ቆጥሮሻል። ስለ ቃልሽ አንድ ነገር አትንገሪኝ፤ እኔም አልነግርሽም። ምስክር አስጠንተሻል ነው ያሉኝ፤ አሁን ባስጠናሽ እውነታቸውን ነው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሹራብ ልበሺ፤ ብርድ ነው» አሉኝና ተመልሰው ገቡ።

ሦስት የታወቁ ጠበቆች ጉዳዩን አንይዝም ብለው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ማን ነኝና። የያዘው ቢሩክ የሚባል፣ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። እንዲያናግረኝ ብለምነው ከካፌው ወንበር ተነሣ። «የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነሽ፤ ከአንቺ ጋር ከታየሁ እኔም ነገ እዚያው ነኝ፤ እሳቸውም ከልክለውኛል» አለኝ። ስለዚህ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ አንድም ሰው አልነበረም። መጥሪያው ሲደርሰኝ ለችሎቱ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። በዚያ ወር እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ያልሞከርኩት የለም። ኢዩን ሰውሩት ልልዎት ነበር። ስልኩ አይሠራም፤ መንገዱ ተዘግቷል። በመጨረሻ ጋሽ መኩሪያ በወልድያ በኩል ዞሮ ሲሄድ «ኢዩን አጎቴ ዘንድ ቆላ ይላኩት፣ ለምን ብለው አይጠይቁኝ» ያልኩትን መልእክት የላክሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ልጁ ሄደ የሚል መልስ የመጣልኝ ችሎቱ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። መልሱ ባይመጣ ምን አደርግ ነበር ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። ጀግና ነኝ ብዬ እንዳልዋሽዎት።

ሐሙስ ታኅሣሥ 17 ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አሳየኝ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለኝ። የእኔ ነው አልኩት። «ቃሉስ?» አለኝ። «ቃሉ የመርማሪው ነው፤ እኔ የፈረምኩት በያዙኝ በአምስተኛው ቀን ነው» አልኩት። ገብረአምላክ የመጣው አንድ ቀን መሆኑን፣ እሱ ተናግሮ እኔ እንደጻፍኩ፣ ወይዘሮ ኣምለሰት «ሲደበድቡት» የሚለውን አሰርዘው «ጩኸት ሰማሁ» እንዳስጻፉኝ ተናገርኩ። ሊያስዋሽ የፈለገ ሰው ያንን ለምን ያሰርዛል አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ እየተቆጣ ምስክሯ ተገልብጣለች፣ በሐሰት ትጠየቅልኝ አለ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እውነት ካልነበረ ለምን ፈረምሽ?» አሉኝ። «የወንድሜን ስም ስለጠሩብኝ ነው» አልኩ። እንዴት አድርገው ጠሩት አሉኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። ዳኛው ለጸሐፊዋ «እንዳለ ጻፊው» አሏት። ስትጽፍ የቁልፎቹን ድምፅ እሰማ ነበር። ወይዘሮ ኣምለሰት ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ወደ እኔ አላዩም፤ ቢሩክ ነው መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን የጠረገው።

ገብረአምላክ በሳምንቱ ተፈታ። ሥራው ግን ቀርቷል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ አዲስ አበባን ለቋል። የት እንደሄደ ብጠየቅ እንዳልናገር ብዬ አልጠየቅሁም። ለወይዘሮ ኣምለሰት ዳኛው ዋስትና ፈቀዱላቸው። ሀይሚ የመፍቻውን ትእዛዝ አስፈጽማ፣ እኔና እሷ ጣቢያው በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ሰባት ሰዓት ላይ ወጡ። ሀይሚ ልታቅፋቸው ደርሳ ነበር፤ አንድ እጇ ቀሚሳቸውን ይዟል። ከበሩ ማዶ የቆመው መኪና ተከፈተና ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ያዟቸው። «በሌላ ጉዳይ ይፈለጋሉ» አሉ። የፈታቸው ጣቢያ ፖሊሶች ቆመው ያያሉ። ሀይሚ መኪናውን በመዳፏ እየመታች እስከ መታጠፊያው ሮጠች። ለዘጠኝ ቀን የት እንዳሉ አላወቅንም። እሳቸው ለእዝራ የጻፉትን ዓይነት አቤቱታ እኔ ለእሳቸው ጻፍኩ፤ ስሙን ብቻ ለውጬ። ቢሩክ ፈርሞ አስገባው፤ በዐሥረኛው ቀን ሌላ ጣቢያ እንዳሉ ተነገረን።

ለቢሩክም ይደወልለት ጀመር። እጮኛው የምትሠራበትን ነገሩት። አንድ ቀን ሰብስቦ ያገኛቸውን ጠበቆች ገርጂ አንድ ምግብ ቤት ቁጭ አድርጎ «አንድ አንድ ሆነን ከቆምን ተራ በተራ ያወጡናል፤ በእኔ ስም ብቻ አልቀርብም፣ ፈርሙ» አላቸው። ክርክር ነበር። ቤተሰብ አለኝ ያለ አለ፤ ፈቃዴ ዘንድሮ ይታደሳል ያለ አለ፤ ተነሥቶ የወጣም አለ። ፊት ጉዳዩን አልይዝም ካሉት ሦስት አንዱ ግን ብዕር ለምኖ ፈረመ። ጥር 15 ቀን ወይዘሮ ኣምለሰት በአዲሱ መዝገብ ሲቀርቡ ዳኛው «ለተጠርጣሪዋ የቀረበ ጠበቃ?» ቢሉ ሃያ ሦስት ሰው ጥቁር ካባ ለብሶ ተነሣ። ግማሾቹ መቀመጫ አጥተው ግድግዳ ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ኣምለሰት ያን ጊዜ ብቻ አለቀሱ። ይህን ሁሉ አይቶ ዳኛው የፈታቸው እንዳይመስልዎት፤ ለፖሊስ ዐሥራ አራት ቀን ተፈቀደለት፣ ከዚያም ሌላ ዐሥራ አራት። አሁንም እዚያው ናቸው። የስኳር በሽታቸው ተባብሶ እግራቸው አብጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለቢሩክ አልተደወለለትም፤ ሀይሚም ስትገባ ስትወጣ ሁለት ጠበቆች በተራ አብረዋት ይሄዳሉ። የሆነልን ነገር ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ባወራልዎት ደስ ባለኝ።

የእኔም ቀጠሮ ሐሙስ የካቲት 27 ነው። በሐሰት ቃል መስጠት ከሰውኛል። ሁለት ቃል ሰጥቻለሁና አንዱ ሐሰት መሆኑ አይቀርም፤ የትኛው እንደሆነ ነው ክርክሩ። ቢሩክ በነጻ ልትለቀቂም ትችያለሽ፣ ልትታሰሪም ትችያለሽ ብሎ ሳይደብቅ ነግሮኛል። የቢሯችን ባለቤት ሌላ ተከራይ አግኝቻለሁ ብሎ በሩን ቀይሮታል። አሁን በቢሩክ ቤት ሳሎን ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚመጡት ሴቶች ያው ናቸው፤ ባሌን፣ ልጄን፣ ወንድሜን ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ሰዓቱን እጠይቃቸዋለሁ።

አባዬ፣ ማርያም ደጅ ላይ ስሜ ሲነሣ ስለ እኔ አይጣሉ። ዝምም አይበሉ። ልጄ ፈርማለች፣ ኋላም ቀርባ ፊርማዬ እንጂ ቃሌ አይደለም ብላለች ይበሏቸው። የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን ብቻ እንዳይነግሩልኝ፤ ገብረአምላክ ሁለት ወር የታሰረው በመጀመሪያው ነው።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ከዚህ ውስጥ የሚያስደነግጣትን እርስዎ መርጠው ያስቀሩላት፣ መታሰሬን ግን አይደብቋት፤ ከሰው ብትሰማ ይብስባታል። አክስቴን ፀሐይነሽን እግሯን በሞቀ ውኃ ትዘፍዝፈው ይበሉልኝ። ጎረቤቶቻችንን፣ ስለ እኔ ክፉ ያወሩትንም ጭምር፣ ሰላም ይበሉልኝ። ኢዩን ሰላምታ ብቻ አይላኩበት። ቆላ ድረስ ሰው ሲያገኙ ይህንን ደብዳቤ ራሱን ይስጡት፤ ለምን በድንገት ከቤቱ እንደወጣ፣ እኅቱም በእሱ ስም ምን እንዳደረገች ከእጄ ጽሑፍ ያንብበው። አንብቦ ቢቀየመኝ ልክ ነው። ቢቀየመኝም በሕይወት ይቀየመኝ።

ልጅዎ ዕፀገነት ዓለምሰገድ
ሰሚት፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.